መንትያ መሰላሎች

አንዳንድ ሰው ከጥላው ጋር ይኖራል፤ እሷ የምትኖረው ከፍርሃቷ ጋር ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ቀለም ቀቢ አባቷ ከመሰላል ወድቆ፣ ሁለት ዓመት በጀርባው ተኝቶ፣ አንድ ቀን ጠዋት እንደ ተኛ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እናቷ በቤቷ ውስጥ ከወለል ከፍ ብሎ የሚቆም ሰው ማየት አይሆንላትም። አምፖል ሲቃጠል ጎረቤት ይጠራል፤ ጎረቤቱ ወንበር ላይ ሲወጣ እናት ወደ ጓዳ ትገባና እስኪወርድ ድረስ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች።

«አንዲት ነገር ብቻ ልለምንሽ» ትላት ነበር፣ ሸሚዝ እየተኮሰች፣ ቀና ሳትል። «ሽማግሌ አግቢ፣ ድኻ አግቢ፣ አኩራፊም ቢሆን አግቢ፤ ትንፍሽ አልልም። መሰላል ላይ የሚውል ሰው ግን ይህን ደፍ እንዳይረግጥ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እኔ ላይ ደርሷል። ደግሞ እንዳታመጪብኝ።»

የዚህች ሴት ልጅ ነገሮች ከቦታቸው እንዳይናወጡ መጠበቅን ሙያዋ ብታደርግ አይገርምም። በቴሌቪዥን ድራማ ቀረጻ ላይ መዝጋቢ ነበረች። አንድ ትዕይንት ዛሬ ተጀምሮ ከሦስት ቀን በኋላ ይጨረሳል፤ በመካከሉ ግማሽ የነበረው ብርጭቆ ሞልቶ እንዳይገኝ፣ የተከፈተው ቁልፍ እንዳይዘጋ፣ በቀኝ እጅ የነበረ መዶሻ ወደ ግራ እንዳይዞር እያንዳንዱን በወፍራም መዝገቧ ታሰፍራለች። ስሕተት ስታይ ድምፅዋን ሳታነሣ አንዲት ቃል ትናገራለች፦ «ይደገም።» ከሁለት ሳምንት በኋላ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ ጠፍቶ የቀረጻው ሰው ሁሉ «ይደገም» እያለ ይጠራት ጀመር።

ድራማው «ማንኛውንም እንጠግናለን» ይባላል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሊያበጁ ገብተው ግድግዳ አፍርሰው ስለሚወጡ ሦስት የቅጥር ጠጋኞች የሚተርክ፣ እያሣቀ መሐል ላይ ድንገት ዐይን የሚያረጥብ ሥራ ነበር። ዐሥራ ሦስት ክፍል እንዲኖረው ታስቧል።

በመጀመሪያው የቀረጻ ቀን ዋናው ተዋናይ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው ሰፊ ሰው፣ አንዲት ምስማር እንዲመቱ መዶሻ ተሰጣቸው። ዐሥራ አንድ ጊዜ ሞከሩ፤ ዐሥራ አንዱም ምስማር እንደ ተቀየመ ሰው አንገቱን አዞረ።

«እጄ የተፈጠረው ለሹካ ነው» አሉ መዶሻውን እያስቀመጡ። «ካላመናችሁኝ ሆዴን ጠይቁት።»

ዳይሬክተሩ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሳለ ከላይ፣ ከስቱዲዮው ጣሪያ፣ ልክ እንደ ልብ ምት የተስተካከለ የመዶሻ ድምፅ ሰማ። የሚያፈስ ቆርቆሮ የሚጠግን ሰው ነበር። «ያን የሚመታውን አውርዱልኝ» አለ። ሰውየው ወረደ፤ አቧራውን ከጉልበቱ አራገፈ፤ ምስማሯን በሦስት ምት ጨረሳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱ የጋሼ፣ እጁ የጠጋኙ ሆነ።

መዝጋቢዋም እጆቹን መመዝገብ ነበረባት።

«እጅዎን ያሳዩኝ» አለችው።

«ምን ጠፋ?»

«የጠፋ የለም። ልጽፋቸው ነው።»

ሁለቱንም ዘረጋላት። ሰፊ፣ ደረቅ፣ ጥፍራቸው አጥሮ የተቆረጠ እጆች ነበሩ። «በግራ አውራ ጣት ላይ ጠባሳ» እያለች ጻፈች። «የምን ነው?»

«የመጋዝ። ይኼም ለመዝገቡ ያስፈልጋል?»

«ጋሼ እጅ ላይ በቀለም መሣል አለበት።»

«እኔ በደሜ ያገኘሁትን እሳቸው በብሩሽ ሊያገኙት» አለና ፈገግ አለ። «ጣቶቼንም ይቁጠሯቸው እንጂ። ነገ አንዱ ቢጎድል እርስዎ እንዳይጠየቁ።»

ቀልድ መሆኑ ገብቷታል፤ ቢሆንም ቆጠረች። ዐሥር ነበሩ። ፍቅር በሌሎች ዘንድ በምን እንደሚጀምር እንጃ፤ በእሷ ግን የጀመረው ዐሥሩን ጣቶች ቆጥራ ከጨረሰች በኋላ፣ ነገም ዐሥር ይሆኑ እንደሆነ መጨነቅ ስትጀምር ነበር።

ጠጋኙ አንድ ልማድ ነበረው። የትኛውንም መሰላል ከመውጣቱ በፊት እጁ የሚደርስባቸውን እርከኖች በጣቱ አንጓ ያንኳኳል፤ ከወጣም በኋላ የሚረግጠውን ሁሉ አስቀድሞ ያንኳኳል። በር ላይ እንደ ቆመ እንግዳ ጆሮውን አዘንብሎ መልስ ይጠብቃል።

«ማን ነው ይልሃል?» አለችው አንድ ቀን። ያኔ አንቱታው ቀርቶ ነበር።

«ጤነኛ እንጨት ቶሎ ይመልሳል። የታመመ እንጨት ያፍናል፤ አልሰማሁም ይላል።»

ዳይሬክተሩ ግን ይህን አልወደደለትም። «ጀግናችን ግድ የለሽ ሰው ነው» አለ። «ግድ የለሽ ሰው ያንኳኳል? ዘሎ ይወጣል እንጂ።» እሷም በመዝገቧ «አያንኳኳም» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም አሰመረችበት። ጠጋኙ ግን በእጁ ላይ ሥልጣን የነበረው አይመስልም፤ ይረሳና ያንኳኳል። በዚያ ጊዜ ከካሜራው ጀርባ ለስላሳ ድምፅ ይመጣል፦

«ይደገም። አንኳኳህ።»

በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ አስደገመችው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ። በአምስተኛው ሳምንት ማንኳኳቱን ተወ፤ በቀረጻም ከቀረጻ ውጪም። እሷ ሥራዋን ስለ ሠራች ደስ አላት።

ምሳ የሚበሉት ከስቱዲዮው ጀርባ፣ የተከመረ ጣውላ ላይ ተቀምጠው ነበር። ወሬያቸው ጥቂት፣ ዝምታቸው ብዙ ነው። አንድ ቀን ዳቦውን ለሁለት እየቆረሰ ጠየቃት፦

«እኔ መሰላል ላይ ስወጣ ለምን ፊትሽን ታዞሪያለሽ? መዝጋቢ አይደለሽም እንዴ? ማየት ነው ሥራሽ።»

ነገረችው። የአባቷን ጫማ ቀለም፣ የወደቀበትን ድምፅ፣ የሁለቱን ዓመታት ሽታ ሳይቀር ነገረችው። እሱ እስክትጨርስ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ቆየ።

«ያንኳኳ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ማን?»

«አባትሽ። እርከኑን።»

«አላውቅም። ልጅ ነበርኩ።»

ግማሹን ዳቦ ሰጣት። ከዚያ «እናትሽን ባያቸው ደስ ይለኛል» አለ፣ ወደ ጣውላው እያየ።

«እሷ ገና ሳታይህ ቀብራሃለች።»

«እንግዲያው ለቅሶዬን ልድረስ» አለ። ሣቀች፤ ወዲያው ግን የሣቀችበት አፍ መረራት። ይህን ሰው የማጣት ሐሳብ ገና ሳታገኘው ደረቷ ውስጥ ቤት ሠርቶ ነበር። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና በሐሳቧ መሰላል ታቆማለች፤ እሱ ይወጣል፤ እሷም ገና ሳይወድቅ ትነቃለች።

ለስድስተኛው ክፍል ጋሼ ከመሰላል እንዲወድቁ ተጻፈ። ዘዴው እንዲህ ነበር፦ በመልክ የማይለያዩ ሁለት መሰላሎች ይሠራሉ። አንደኛው እውነተኛ ነው፤ ጠጋኙ ይወጣበታል። ሁለተኛው ሐሰተኛ ነው፤ ዘጠነኛው እርከኑ ከበስተጀርባ በመጋዝ እስከ ልቡ ተቆርጦ በስቱኮ ይደፈናል። ጋሼን ከኋላ ባለ መቆሚያ በኩል ያወጧቸዋል፤ ዘጠነኛው እርከን ሲሰበር ከካሜራው ዕይታ ውጪ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ወፍራም ፍራሽ ይቀበላቸዋል።

ሁለቱንም የሠራቸው ጠጋኙ ነበር። ሐሰተኛውን ሲቆርጥ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ብዙ ነገር ሠርቻለሁ» አለ። «ሰው እንዲጥል ብዬ ግን ምንም ሠርቼ አላውቅም። ይደገም፣ ነይማ እዪኝ።» በሐሰተኛው መሰላል ግራ እግር ላይ ቀይ ተለጣፊ ናስትሮ ሁለት ዙር ጠመጠመበት። «ይህን ያየ ሰው አይወጣበትም። ዕቃ ጠባቂው ያውቃል፣ እኔ ዐውቃለሁ፣ አንቺም ዕወቂ።»

መልካቸውን ማመሳሰል የእሷ ድርሻ ነበር። በእውነተኛው ላይ ያለውን የቀለም ጠብታ በሐሰተኛውም ላይ አንጠባጠበች፤ የሲሚንቶውን እድፍ፣ የጭረቱን አቅጣጫ፣ በሦስተኛው እርከን ላይ የተጠመጠመውን ሽቦ አዛመደች። ሁለት ቀን ፈጀባት። ስትጨርስ ራሷም የለየቻቸው በናስትሮው ብቻ ነበር፤ ኮራች።

በቀረጻው ቀን ጠዋት የጋሼ አወዳደቅ በሦስተኛው ሙከራ ተሳካ። ጋሼ ከፍራሹ ላይ ሆነው «ለመጠባበቂያ አንድ ጊዜ ብቻ እወድቅላችኋለሁ፤ ቁርሴ ገና ቦታውን አልያዘም» አሉ። የተሰበረው እርከን ወጥቶ፣ የተቆረጠና የተደፈነ ምትክ ገብቶለት መሰላሉ ለመጨረሻው ሙከራ ተዘጋጀ። እሷ ግን የተቀረጸውን በሞኒተር ስታይ በምስሉ ጥግ አንዲት ቀይ ነጥብ አየች። ናስትሮው ነበር። በቀደመው ትዕይንት መሰላሉ ላይ ቀይ ነገር የለም፤ ስሕተት ነው። አጎንብሳ ናስትሮውን ላጠችው፤ በመዝገቧ ገጽ ላይም ለጠፈችው፤ ለዕቃ ጠባቂውና ለጠጋኙ ልትነግር ዞር አለች።

በዚያው ቅጽበት ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ከቴሌቪዥን ጣቢያው መጣ። ቆሞ ተናገረ፤ ለመቀመጥም አልፈለገም። ተመልካች አንሷል፤ ድራማው ከስድስተኛው ክፍል በኋላ አይቀጥልም። የመጨረሻው ሙከራ ቀረ። መብራት ሠራተኛው ጓንቱን አውልቆ ወጣ። ልብስ አልባሿ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዕቃ ጠባቂው መሰላሎቹን ከግድግዳው ጋር ጎን ለጎን አስደግፎ ሲጋራ ሊያጨስ ሄደ። እሷ ምን እንደምታስብ አታውቅም ነበር፤ ያወቀችው ከእንግዲህ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ዳቦ የሚያካፍላት ሰው እንደማይኖር ብቻ ነው። የናስትሮው ነገር ከልቧ ተፋቀ።

«የተጀመረ ነገር ጥሎ መሄድ ነውር ነው» አለ ዳይሬክተሩ ከምሳ በኋላ። «የቀረችንን አንዲት ትዕይንት እንጨርስ።» ከላይ ግን አንድ ፓውዛ እየበራ እየጠፋ ያስቸግራል፤ መብራት ሠራተኛውም የለም። «ጠጋኙ፣ እባክህ እሱን ጠበቅ አድርግልን።»

እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ የቀኑን ማስታወሻ ልትዘጋ መዝገቧን ገለጠች። ቀዩ ናስትሮ ከገጹ ላይ አፈጠጠባት።

ቀና አለች። መሰላል ቆሟል፤ ከሥሩ ፍራሽ የለም፤ ሲሚንቶ ነው። ጠጋኙ ሥሩን አይቶ ነበር፤ ናስትሮ የለውም፤ እውነተኛው ነው ብሎ አንሥቶታል። ሁለተኛው ግድግዳው ሥር ተደግፎ ቀርቷል፤ እሱም ናስትሮ የለውም። የትኛው የትኛው ነው? ለማንም እንዳይለይ አድርጋ የሠራችው ራሷ ናት።

እሱ በአምስተኛው እርከን ላይ ነበር። ስድስተኛውን ረገጠ። አያንኳኳም። ጎበዝ ተማሪ ነበር።

ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ ፍርሃቷ ራሱ አፏን ያዘው። ሃያ ዓመት ሙሉ አብሯት የኖረው ፍርሃት ስለ መሰላል ከማንም በላይ ያውቅ ነበርና። እሱ ሁለቱን ቋሚዎች ይዞ ነው የሚወጣው፤ የደነገጠ ሰው ግን ቋሚውን ለቆ የቀረበውን ይጨብጣል፤ የቀረበው ደግሞ ዘጠነኛው እርከን ነው። ሰባት። ቆመች። ስምንት። ግራ እግሩ ከስምንተኛው ላይ ተነሣ።

ከየት እንዳመጣችው አታውቅም፤ የየቀኑ ድምፅዋ፣ ያ ለስላሳ፣ ያ አሰልቺ ድምፅዋ ወጣ፦

«ይደገም። አላንኳኳህም።»

እግሩ አየር ላይ ቆመ። ስቱዲዮው በሙሉ ቆመ። ከላይ ሆኖ ሣቀ፤ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?»

«አላንኳኳህም» አለች። «አንኳኳና ቀጥል።»

እግሩን ወደ ስምንተኛው መለሰ። በቀኝ እጁ ቋሚውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ በግራው አንጓ ዘጠነኛውን መታ። ድምፁ እሷም ጋ ደረሰ፤ የታፈነ፣ ዱልዱም፣ አልሰማሁም የሚል ድምፅ። አንድ ጊዜ ደገመ። በመዳፉ ገፋ ሲያደርገው እርከኑ ከመሐሉ ተቀንጥሶ በጉልበቱ አጠገብ አለፈና ሲሚንቶው ላይ ተንቀጫቀጨ። ያን ድምፅ ታውቀዋለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ሰምታዋለች።

እሱ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ አንድ በአንድ ወረደ።

መዝገቧን ዘርግታ አሳየችው። ናስትሮውን አየ። እሷን አየ።

«አንቺ ነሽ ያነሣሽው?»

«እኔ ነኝ። ምስሉ ላይ ታየኝና... ልነግራችሁ ነበር። ረሳሁ።»

«አምስት ሳምንት ሙሉ እንዳላንኳኳ አስተማርሽኝ።»

«አዎ።»

«እኔም ተማርኩልሽ» አለ። የመሣሪያ ቦርሳውን አነሣ፤ ማንገቻው ሁለት ጊዜ አመለጠው። «አሁን ምንም አልናገርም። ሰው በሚንቀጠቀጥ እጅ ምስማር አይመታም።» ወጣ። የድራማው ቤት የኮምፔንሳቶ በር፣ ራሱ የሠራው፣ ከኋላው ቀስ ብሎ ተዘጋ።

በማግስቱ የድራማውን ቤት አፈረሱት። ስልክ ቁጥሩ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከጠባሳው ቀጥሎ ተጽፎ ነበር። ዐሥራ ሁለት ቀን በየዕለቱ ደወለች፤ ሳይጠራ ዘጋችው። ቢያነሣ የሚለውን ፈራች፤ ባያነሣም ፈራች።

ስድስተኛው ክፍል የታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከእናቷ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት። ለመጨረሻው ቅንብር የጠራት ሰው አልነበረም፤ የሚቆረጠውንና የሚገባውን ማንም አላጣራም። ስለዚህ በመሐሉ፣ ጀግናው ጣሪያ ሊጠግን ሲወጣ፣ ባለፈው ወር «ይደገም» ብላ የጣለችው ምስል ገብቶ ተገኘ፤ ጠባሳ ያለበት እጅ እርከኑን ሦስት ጊዜ አንኳኳ፤ ቆየ፤ ወጣ። ታላቅ ስሕተት ነበር። እሷ ከንፈሯን ነከሰች።

እናቷ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አለች። «ይኼ እጅ የወፍራሙ ሰውዬ አይደለም።»

«አይደለም።»

«ያንኳኳል።»

«ያንኳኳ ነበር።»

ማስታወቂያ መጣ፤ ሄደ። «አባትሽ አያንኳኳም ነበር» አለች ከዚያ፣ ድምፅዋ ከሩቅ ክፍል የመጣ ይመስል። «እንጨት አይከዳኝም እያለ ይቀልድ ነበር። ሁልጊዜ ሥሩን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ድስቱ ሊያርብኝ ነው ብዬ ለቅቄው ገባሁ። ለአንዲት ደቂቃ። ማማሰያውን እንደያዝኩ ሰማሁት።»

«እማ...»

«ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መሰላሉን ስረግም ኖርኩ፤ ይቀለኝ ነበር።» እጆቿን ጭኗ ላይ ገልብጣ አየቻቸው፤ ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ሰውዬውን ታውቂዋለሽ።»

ጥያቄ አልነበረም። ልጅቱ ሁሉንም ነገረቻት፤ የናስትሮውንም። እናት ሳታቋርጥ ሰማች። ሲያልቅ ተነሥታ መስኮቱን ከፈተችና ወደ ላይ አየች።

«ይኼ አሸንዳችን ተገንጥሎ ከተንጠለጠለ ስንት ዓመቱ ነው? ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳችን ያለቅሳል። ጠጋኝ አይጠራለትም?»

ደወለች። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«ሃሎ» አለ።

«የተገነጠለ አሸንዳ አለ» አለች።

«ከፍታው ስንት ነው?»

«አራት ሜትር ተኩል።»

«መሰላሉን የሚይዝ ሰው አለ?»

«አለ።»

በማግስቱ ጠዋት በሩ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። የከፈተችው እናት ናት። ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ዐይኗ እጁ ላይ ቆመ።

«ግባ የኔ ልጅ» አለች። «ሳላይህ የቀበርኩህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

«ሰምቻለሁ፤ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት» አለ፤ እናት ሳትፈልግ ሣቀች።

ለመዝጋቢዋ ግን ገና አልሣቀላትም። መሰላሉን አቆመ፤ የታችኞቹን እርከኖች አንድ በአንድ አንኳኳ፤ ለእያንዳንዱ መልስ ጠበቀ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ያዢ» አለ። በሁለት እጇ ጨበጠችው። እሱ ሲወጣ ፊቷን አላዞረችም፤ ቀና ብላ የጫማውን ሥር አየች፤ ጆሮዋ ውስጥ ያ የዱሮው ድምፅ ደጋግሞ ወደቀ። እናቷ ወደ ጓዳ ሄደች። ልጅቱ በልቧ «እንግዲህ ብቻዬን ነኝ» አለች። እናቷ ግን ምድጃውን አጥፍታ ተመለሰችና ሌላውን ቋሚ ጨበጠች።

ከላይ መዶሻው ሦስት ጊዜ ተሰማ። ደግሞ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ፤ ስምንት፣ ሰባት፣ ስድስት...

«ልቀቂው እንጂ» አለች እናት። «ወርዷል እኮ።»

እውነትም ሁለት እግሮቹ መሬት ላይ ነበሩ። እሷ ግን ጣቶቿን ከእንጨቱ ማላቀቅ አቃታት። እሱ መዶሻውን አስቀመጠ፤ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ በእሷ እጆች ላይ አኖራቸው፤ ያኔ ነው ጣቶቿ የተፈቱት።

«ቁጠሪያቸው» አላት፤ ሣቀ።

አንድ በአንድ ቆጠረች። ዐሥር ነበሩ። ከዚያ ከአውራ ጣቱ ጠባሳ ጀምራ ደገመች።